አድራሻ 256 እና ጋሪ ኪልዳል

መግቢያ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ የዛሬ ጽሑፌን ከሥሩ ልጀምር። የኦፐሬቲንግ ሲስተም ኮርስ የወሰድን ተማሪዎች በሙሉ ከአንድ ጥያቄ ጋር ተፋጠናል። ከርነሉን ከዲስክ አንስተን ሜሞሪ ላይ የምናሳርፈው የትኛው አድራሻ ላይ ነው? አብዛኞቻችን መልሱን ከአንድ የመማሪያ ጽሑፍ ቀድተን እናልፋለን። አንዱ ጽሑፍ 1 ሜጋባይት ላይ ጫኑት ይላል፣ ሌላው 64 ኪሎባይት ላይ። ከሠራ ሠራ ነው፤ ለምን እዚያ እንደሆነ ብዙ ጊዜ አንጠይቅም።

ይህ ጥያቄ ግን የሰው ታሪክ አለው። ጥያቄውን በማይክሮኮምፒውተር ዓለም ከፈቱት ሰዎች መካከል ዋነኛው ጋሪ ኪልዳል ይባላል። ስሙን የምታውቁት ካላችሁ የምታውቁት ምናልባት በአንድ ወሬ ነው፤ አይቢኤም ሊያናግረው በመጣበት ዕለት አውሮፕላን ሲያበር የዋለና ዕድሉን ያመለጠው ሰውዬ እየተባለ። እኔ ሕይወቱን ሳነብ የተረዳሁት ሌላ ነው። ኪልዳል ሊታወስ የሚገባው በዚያች አንድ ቀን ሳይሆን ሜሞሪን ለባለቤቱና ለእንግዳው ባካፈለበት ዘዴ ነው። ይህንን ነው ለማሳየት የምሞክረው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ጋሪ ኪልዳል ግንቦት 19 ቀን 1942 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በሲያትል ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ የመርከብ አቅጣጫ ትምህርት የሚሰጥ ትምህርት ቤት ነበረው። ትምህርት ቤቱን የጀመሩት አያቱ ሲሆኑ አባቱ ቀጠሉበት፤ ኪልዳልም በወጣትነቱ እዚያው አስተምሯል። መርከበኛ ያለበትን ቦታ በቁጥር ለይቶ ማወቅ አለበት፤ ካልሆነ ከዓለት ጋር ይላተማል። ከእንዲህ ዓይነት ቤት የወጣ ልጅ ዕድሜውን በአድራሻ ጉዳይ ማሳለፉ ለእኔ ብዙም አልደነቀኝም።

ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የገባው የሒሳብ መምህር ለመሆን አስቦ ነበር፤ ኮምፒውተር ግን ሳበው። ለወታደራዊ አገልግሎት ሲጠራ ወደ ባሕር ኃይል ገባና በካሊፎርኒያ ሞንቴሬይ በሚገኘው የባሕር ኃይል የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። የዶክትሬት ዲግሪውን በ1972 ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አገኘ። በ1973 ያሳተመው የፕሮግራም ማሻሻያ ጥናት ዛሬም የኮምፓይለር ኮርስ ላይ የሚጠቀስ ነው። ዳታ ፍሎው አናሊስስ የምንለውን የተማራችሁ የእሱን ሥራ ተምራችኋል ማለት ነው።

በዚያው ዘመን ኢንቴል የመጀመሪያዎቹን ማይክሮፕሮሰሰሮች ማውጣት ጀምሮ ነበር። ኪልዳል አንዷን ቺፕ ገዝቶ መነካካት ጀመረ፤ ውሎ አድሮም ከሞንቴሬይ እየተመላለሰ ለኢንቴል በአማካሪነት መሥራት ያዘ። ለ8080 ቺፕ ቤተሰብ ፒኤል/ኤም የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሠራው እሱ ነው።

የሲፒኤም መወለድ

ፒኤል/ኤም ጥሩ ነገር ነበር፤ ግን የሚሠራው ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ነው። ኪልዳል የፈለገው ትንሿ ማሽን ራሷን ችላ፣ በራሷ ዲስክ ላይ ፕሮግራም እንድትጽፍና እንድታሠራ ነበር። ሹጋርት ከተባለው ኩባንያ ያገለገለ ባለ 8 ኢንች ፍሎፒ ድራይቭ አገኘ። ድራይቩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውን ሃርድዌር ግን መሥራት አቃተው። በ1974 ወዳጁ ጆን ቶሮዴ ያንን ሠራለት። ዲስኩን የሚያስተዳድረውን ሶፍትዌር ኪልዳል ጽፎ ጨረሰ፤ ስሙንም ሲፒኤም አለው።

ኢንቴል ሲፒኤምን በራሱ ምርትነት አልወሰደውም። ስለዚህ ኪልዳልና ባለቤቱ ዶሮቲ ማክዩን ፓሲፊክ ግሮቭ በምትባል ትንሽ ከተማ የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ። መጀመሪያ የሰጡት ስም ኢንተርጋላክቲክ ዲጂታል ሪሰርች የሚል ሲሆን በኋላ ዲጂታል ሪሰርች ሆነ። ዶሮቲ ንግዱን፣ ጋሪ ኮዱን ያዙ።

ችግሩ ምን ነበር?

እንግዲህ ወደ ዋናው ቁም ነገር መጣን። 8080 ቺፕ ሊደርስባቸው የሚችሉት አድራሻዎች በጠቅላላ 65,536 ባይት ብቻ ናቸው። በዚያ ላይ ሜሞሪ ውድ ነበርና ያን ሁሉ የሚገዛ ጥቂት ነው። የአንዱ ማሽን 16 ኪሎባይት፣ የሌላው 32፣ የሀብታሙ 64 ነው። አምራቾቹም ብዙ ናቸው፤ የአንዱ ዲስክና ኪቦርድ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም።

ሌላም ችግር አለ። በ8080 ላይ ፕሮግራም ሲዘል የሚዘልበትን አድራሻ ሙሉውን መጻፍ አለበት። ከአሁኑ ቦታ 20 ባይት ወደፊት ሂድ የሚል ትእዛዝ የለውም። ስለዚህ ለአንድ አድራሻ ተብሎ የተሠራ ፕሮግራም ሌላ አድራሻ ላይ ቢጫን ዘሎ የሚገባው ገደል ውስጥ ነው። ሜሞሪ ጥበቃ የሚባል ነገርም አልነበረም፤ ተሳስቶ በሲስተሙ ላይ የሚጽፍን ፕሮግራም የሚያቆመው የለም።

በዚህ ሁኔታ ሲስተሙን የት እናስቀምጠው? ቀላሉ ሐሳብ ከታች፣ ከዜሮ ጀምሮ አስቀምጦ ፕሮግራሞችን ከላዩ መጫን ነው። ግን አስቡት። የአንዱ አምራች የዲስክ ኮድ ረጅም፣ የሌላው አጭር ነው። ሲስተሙ በየማሽኑ መጠኑ ስለሚለያይ ፕሮግራሙ የሚጀምርበት አድራሻም በየማሽኑ ይለያያል። ሲስተሙ አዲስ እትም ሲወጣለትና ሲወፍር ደግሞ ሁሉም ነገር ወደ ላይ ይገፋል። ያኔ እያንዳንዱ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ማሽን እንደገና መዘጋጀት ሊኖርበት ነው። የሶፍትዌር ገበያ የሚባል ነገር አይኖርም ማለት ነው።

መፍትሔው

ኪልዳል ነገሩን ገለበጠው። ሲስተሙን ከሜሞሪው ጫፍ፣ ከላይ ሰቀለው። ለፕሮግራሞች ደግሞ በሁሉም ማሽን ላይ የማይለወጥ አንድ መነሻ ሰጣቸው፤ አድራሻ 256፣ በሄክሳዴሲማል 100። ከዜሮ እስከ 255 ያለችው ትንሽ ክፍል ፔጅ ዜሮ ተብላ የሁለቱ መገናኛ ሆነች።

ያቺ ገጽ አስደናቂ ነች። አድራሻ ዜሮ ላይ ወደ ሲስተሙ መመለሻ ዝላይ አለ፤ ሥራውን የጨረሰ ፕሮግራም ወደ ዜሮ ይዘላል። አድራሻ 5 ላይ ሲስተሙን አገልግሎት መጠየቂያ ዝላይ አለ። ፋይል መክፈት ወይም ፊደል ማሳየት የፈለገ ፕሮግራም ሲስተሙ የት እንዳለ ሳያውቅ 5ን ይጠራል። በጣም የወደድኩት ግን ይኼ ነው፤ በ6 እና በ7 ላይ ያሉት ሁለት ባይቶች የዚያው ዝላይ መድረሻ አድራሻ ናቸው። ሲስተሙ የሚጀምርበትን ስለሚናገሩ ፕሮግራሙ ሊጠቀምበት የሚችለው ሜሞሪ የት ላይ እንደሚያበቃም ይናገራሉ። ያለ ተጨማሪ ባይት፣ አንድ ቁጥር ሁለት ሥራ ይሠራል። ፕሮግራሙ ሁለቱን ባይቶች አንብቦ ድንበሩን ያውቃል፤ መገመት አያስፈልገውም።

በቁጥር እንየው። በሲፒኤም 2.2፣ 64 ኪሎባይት ባለው ማሽን ላይ ትእዛዝ ተቀባዩ ክፍል 58,368 ላይ፣ ፋይል አስተዳዳሪው 60,416 ላይ፣ ሃርድዌሩን የሚያውቀው ክፍል ደግሞ 64,000 ላይ ይጀምራሉ። 20 ኪሎባይት ብቻ ባለው ማሽን ላይ ትእዛዝ ተቀባዩ 13,312 ላይ ይሆናል። ሲስተሙ በሙሉ 45,056 ባይት ወደ ታች ወረደ፤ የፕሮግራሙ መነሻ ግን እዚያው 256 ላይ ነው። በአከራይና ተከራይ ቋንቋ ብናገር፣ ባለቤቱ የሚኖርበት ፎቅ ከሕንፃ ሕንፃ ይለያያል፤ የተከራዩ በር ቁጥር ግን በከተማው ሁሉ አንድ ነው።

ትእዛዝ ተቀባዩ ከሁሉም ዝቅ ብሎ ለፕሮግራሙ ጎረቤት የሆነውም በአጋጣሚ አይደለም። ፕሮግራም እየሠራ ሳለ ትእዛዝ የሚቀበል አያስፈልግም። ስለዚህ ቦታ የጠበበው ትልቅ ፕሮግራም በእነዚያ 2,048 ባይቶች ላይ መጻፍ ይፈቀድለታል። ሲጨርስ ሲስተሙ የጠፋውን ክፍል ከዲስክ መልሶ ያነባል። ደኅንነት ማለት የማይነካ ነገርን ማብዛት ሳይሆን ምን ቢነካ እንደማይጎዳ ለይቶ ማወቅም እንደሆነ ከዚህ ይገባናል።

ጫኚውና ተጫኙ

ሲስተሙን ከዲስክ የሚያመጣው ጫኝ ፕሮግራምስ የት ይቀመጥ? ይህ የኛም የላብራቶሪ ጥያቄ ነው። ጫኙ ከርነሉን እያመጣ ሳለ በራሱ ላይ ከጻፈ የቆመበትን ቅርንጫፍ እንደሚቆርጥ ሰው ይሆናል።

በሲፒኤም ዲስክ ላይ ከ77ቱ ትራኮች የመጀመሪያዎቹ ሁለት ለሲስተሙ የተከለሉ ነበሩ። በመጀመሪያው ሴክተር ላይ 128 ባይት ብቻ የሆነ ጫኝ አለ። በኪልዳል ኩባንያ ናሙና መሠረት ይህ ጫኝ የሚያርፈው አድራሻ ዜሮ ላይ ሲሆን ሲስተሙን የሚያወርደው ከላይ ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱ አይገናኙም። ሲስተሙ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ዜሮ ላይ መመለሻውን፣ 5 ላይ የአገልግሎት ዝላዩን ይጽፋል። ጫኙ በዚህ ጊዜ ይጠፋል፤ ግን ሥራውን ጨርሷልና ምንም ጉዳት የለውም።

ሲስተሙ በየማሽኑ ከፍታው ከተለያየ የውስጥ አድራሻዎቹን ማን ያስተካክላል? ለዚህ ሙቭሲፒኤም የተባለ መሣሪያ ነበር። ሲስተሙ የሚንቀሳቀሰው በሙሉ ኪሎባይት ስለሆነ ከእያንዳንዱ ባለ ሁለት ባይት አድራሻ ውስጥ የሚለወጠው ከፍተኛው ባይት ብቻ ነው። መሣሪያው የትኛው ባይት እንደዚህ ያለ እንደሆነ የሚያመለክት የቢት ዝርዝር ይዟል፤ ምልክት ባለበት ሁሉ ልዩነቱን ይደምራል። አለቀ። ዛሬ ሪሎኬሽን ብለን በትልልቅ መጻሕፍት የምንማረው ነገር ቀላሉ መልክ ይኸው ነው።

ሳንካ መፈለጊያው ፕሮግራም ዲዲቲም የዚሁ ሐሳብ ልጅ ነው። ስሙ እኛ አገር ለወባ ትንኝ ይረጭ የነበረውን መድኃኒት ያስታውሳል፤ ቀልዱም እሱው ነው። ዲዲቲ 256 ላይ ይጫንና ወዲያው ራሱን አንስቶ ወደ ላይ፣ ከፋይል አስተዳዳሪው ሥር ይሄዳል። ከዚያ በ6 እና በ7 ላይ ያለውን ቁጥር ዝቅ ያደርገዋል። የሚመረመረው ፕሮግራም ድንበሩን ሲያነብ ሜሞሪው ያነሰ ይመስለዋልና ዲዲቲን አይነካውም። ውሉ ስለተከበረ ብቻ ሦስተኛ ነዋሪ ያለ ጠብ ገባ።

ሃርድዌሩን መለየት

ኪልዳል በ1976 ኢምሳይ ከተባለው አምራች ጋር ሲሠራ ሲፒኤምን ለየማሽኑ መልሶ መጻፍ ሰለቸው። ስለዚህ የዲስክ፣ የኪቦርድና የስክሪን ኮዱን በሙሉ ወደ አንድ ትንሽ ክፍል ሰበሰበው። ይህ ክፍል ባዮስ ተባለ። በሲፒኤም 2.2 ባዮስ የሚጀምረው 17 መግቢያዎች ባሉት የዝላይ ሠንጠረዥ ነው፤ አምራቹ ከሠንጠረዡ ጀርባ ያለውን ይጽፋል፣ የተቀረው አይነካም። ዛሬ ባዮስ የሚለውን ቃል የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ውስጥ ያለ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ውሉ የማይሠራበት ቦታም ነበር። በ1977 የወጣው ቲአርኤስ 80 ሞዴል 1 የታችኛውን አድራሻ ለሮም ሰጥቶት ነበር። ሮም ላይ መጻፍ አይቻልምና ፔጅ ዜሮ ቦታ አጣች። ለዚህ ማሽን መነሻው ወደ 16,896 ከፍ ያለ የተለየ ሲፒኤም ተዘጋጀ፤ ራሱ ሲስተሙ በደኅና ይሠራል። ነገር ግን ለ256 የተዘጋጁት የሌላው ዓለም ፕሮግራሞች እዚያ ላይ አልሠሩም። እዚህ ላይ ቆም እንበል። 16,896 ለዚያ ማሽን ደኅና አድራሻ ነበር፤ ግን ብቸኛ አድራሻ ነበር። ከርነሉ እንዳይጋጭ ማድረግ ግማሽ መልስ ነው፤ ሌላው ግማሽ ሌሎች እዚያ እንደሚያገኙት ማወቃቸው ነው።

አይቢኤምና ያቺ ቀን

በ1980 አይቢኤም የግል ኮምፒውተር ሊሠራ ተነሣና ሲስተም ፍለጋ ወደ ፓሲፊክ ግሮቭ ሰዎች ላከ። ኪልዳል በዚያን ቀን በሥራ ጉዳይ በራሱ አውሮፕላን ሄዶ ነበር። ዶሮቲ ተቀበለቻቸው፤ በምስጢር ጠባቂነት ውሉ ላይ አልተስማሙም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰዎች በተለያየ መንገድ ይተርኩታል። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው፤ ስምምነት አልተደረሰም፣ ዕድሉም ወደ ማይክሮሶፍት ሄደ።

ማይክሮሶፍት ያቀረበው በሲያትል ኮምፒውተር ፕሮዳክትስ ውስጥ ቲም ፓተርሰን በ1980 የሠራውን ሲስተም ነው። ፓተርሰን የሲፒኤም ፕሮግራሞች በቀላሉ ወደ 8086 ቺፕ እንዲዛወሩ ፈልጎ የአገልግሎት አጠራሩን ከሲፒኤም ጋር አመሳሰለው። ስለዚህ የዶስ ኮም ፋይል የሚጀምረው 256 ላይ ነው። ከፊቱ ያሉት 256 ባይቶችም 5 ላይ የአገልግሎት መጥሪያ፣ 128 ላይ ከትእዛዙ ስም በኋላ የተጻፈውን ይይዛሉ፤ ልክ እንደ ፔጅ ዜሮ። በ8086 ላይ ሴግመንት ስላለ ዶስ ራሱ ከታች ተቀምጦ ፕሮግራሙን ከላዩ መጫን ቻለ፤ ሴግመንቱ ይቀያየራል፣ 256 ግን በውስጡ አይለወጥም።

የአይቢኤም ኮምፒውተር በነሐሴ 1981 ወጣ። ኪልዳል ስለ መመሳሰሉ ቅሬታ ካሰማ በኋላ አይቢኤም ሲፒኤም 86ንም ለመሸጥ ተስማማ። ግን ዶስ 40 ዶላር፣ ሲፒኤም 86 ደግሞ 240 ዶላር ሆነው ቀረቡ። ገዢ የትኛውን እንደመረጠ መናገር አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ

ኪልዳል እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ኩባንያው ብዙ ሥራ በአንዴ የሚያሠሩ ሲስተሞችን፣ ጌም የተባለውን ባለ ምስል ገጽታና ዲአር ዶስን አወጣ። እሱ ራሱ በ1980ዎቹ አጋማሽ ኢንሳይክሎፒዲያ በሲዲ ሮም ላይ በማውጣት ሥራ ተሳትፏል። ከ1983 እስከ 1990 ድረስም ኮምፒውተር ክሮኒክልስ በተባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ከስቱዋርት ቼፌት ጋር በተባባሪ አቅራቢነት ሠርቷል። ዲጂታል ሪሰርች በ1991 ለኖቬል ተሸጠ። ጋሪ ኪልዳል ጭንቅላቱ ላይ በደረሰበት ጉዳት ምክንያት ሐምሌ 11 ቀን 1994 በሞንቴሬይ በ52 ዓመቱ አረፈ። በ2014 ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር በፓሲፊክ ግሮቭ የቀድሞ ቢሮው ደጃፍ ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ አኑሯል።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

ዛሬ በክፍላችን ሰባት ሲ ዜሮ ዜሮ እያልን የምንሸመድደው 31,744 በ1981 ከአይቢኤም ባዮስ ጋር የመጣ ነው። 32 ኪሎባይት ላይ 1 ኪሎባይት ሲቀነስ የሚገኝ ቁጥር ነው። የመጀመሪያዎቹን 1,024 ባይቶች የኢንተረፕት ሠንጠረዥ፣ ተከታዮቹን 256 ደግሞ የባዮስ መረጃ ይዟቸዋል። ቡት ሴክተሩ ወደ 32 ኪሎባይቱ ጫፍ የተገፋው ከሥሩ ለሲስተሙ ሰፊ ቦታ ለመተው ነው። ጫኙ ከተጫኙ መንገድ ይውጣ የሚለው ያው የኪልዳል ብልሃት መሆኑን ልብ በሉ፤ አቅጣጫው ብቻ ነው የተገለበጠው።

1 ሜጋባይትም እንዲሁ ምክንያት አለው። ከ640 ኪሎባይት እስከ 1 ሜጋባይት ያለውን የስክሪን ሜሞሪና ሮም ስለያዙት ከዚያ በላይ መጫን ግጭትን ያስቀራል። ያም ቢሆን ሜሞሪው በሙሉ ነፃ ነው ብሎ ማመን አይገባም። የባዮስን የሜሞሪ ካርታ፣ አዲሶቹ ማሽኖች ላይ ደግሞ የዩኢኤፍአይን ካርታ ጠይቆ የተያዘውን ከነፃው መለየት ያስፈልጋል። ይህ በ6 እና በ7 ላይ ያሉትን ባይቶች የማንበብ ልማድ ታላቅ ወንድም ነው። ሊኑክስ በ2014 በወጣው 3.14 እትሙ ከርነሉን በዕጣ በተመረጠ አድራሻ ላይ የማሳረፍ ችሎታ አክሏል፤ አጥቂ ቦታውን በቀላሉ እንዳይገምት። የከርነሉ ቦታ ሲቀያየርም ፕሮግራሞች የሚሠሩት የአገልግሎት መጥሪያው በር ስላልተለወጠ ነው።

ማጠቃለያ

እንደ እኔ አመለካከት ደኅና አድራሻ የሚባል አስማተኛ ቁጥር የለም። ደኅናው አድራሻ ሦስት ነገር ያሟላ ነው፤ ጫኙ ራሱን የማያጠፋበት፣ ድንበሩ ተጠይቆ የሚታወቅበት፣ ሌሎች ሊተማመኑበት የሚችሉበት። ኪልዳል ሦስቱንም በ256 ባይት ውስጥ አሟልቷል። ገበያው ያቺን አንድ ቀን ይዞበት ቀረ እንጂ ሥራው ከተፎካካሪው ሲስተም ውስጥ ሳይቀር ለብዙ ዓመታት ኖሯል። የኮም ፋይል የከፈተ ሰው ሁሉ ሳያውቀው የኪልዳልን በር አንኳኩቷል። ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ በሚቀጥለው ጊዜ የከርነላችሁን አድራሻ ስትጽፉ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ለምን እዚያ እንደሆነም አጠገቡ በአንድ መስመር ጻፉ። ከናንተ በኋላ ኮዱን የሚያነበው ተማሪ ያመሰግናችኋል።